መኪና ከመበላሸቱ በፊት የሚሰጠው ምልክት

አውቶሞቢል ወደ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና የኑሯችን አንድ ክፍል ሆኗል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በከተማችን በሐዋሳም ተማሪው በባጃጅ፣ ነጋዴው በአይሱዙ፣ መንገደኛው በሚኒባስ ሲመላለስ ይውላል። ታዲያ ሕይወታችንን በየቀኑ አደራ የምንሰጠው ይህ መሣሪያ ሲታመም የሚያሳየውን ምልክት ማወቅ፣ የሹፌርና የመካኒክ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መተው የሚገባ አይመስለኝም።

እኔ ጥቂቱን ዕውቀት ያገኘሁት በክረምት ዕረፍት ከመካኒኩ አጎቴ ጋር ጋራዥ በመዋል ነው። የተበላሸ መኪና አስጎትቶ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ድንገት ቆመብኝ» ይላል። አጎቴ ግን «ድምፅ ማሰማት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየውም ጥቂት አሰብ ካደረገ በኋላ፣ «እርግጥ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል» ብሎ ይመልሳል። ከዚህም የተረዳሁት፣ ድንገተኛ የምንለው ብልሽት ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫና በእጅ ሊታወቅ ይችል የነበረ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ በዓይን የሚታየውን እንመልከት። ማለዳ መኪናው ካደረበት ሲነሣ መሬቱን ማየት ይገባል። ከሞተሩ ሥር ጥቁር ቅባት ከታየ የሞተር ዘይት ይፈሳል ማለት ነው። በጎማው ውስጠኛ በኩል የሚታይ እርጥበት ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይመረመር መንዳት አደገኛ ነው። ጢሱም የራሱ ቋንቋ አለው። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጢስ ደግሞ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታል። ነጭ ጢስ በብርድ ጧት ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስጨንቅም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው ሊታይ ይገባዋል።

ጆሮም ብዙ ይሰማል። ሞተሩ ሲነሣ የሚንጫጫ ድምፅ ቺንጋው መላላቱን ወይም ማርጀቱን ይነግራል። ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ከጎማ በኩል መጥቶ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ጉምጉምታም የኩሽኔታ መበላሸት ምልክት ነው። በእጅ በኩል ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ወይም ወደ አንድ ወገን የሚስብ መሪ፣ ጎማውንና የመሪውን ክፍሎች እንድናስመረምር ያስጠነቅቀናል።

ስለ ሙቀት በፊዚክስ ትምህርት የተማርነው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በእኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚሠራ ሞተር ውሃ እስከ 90 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። ይህ ውሃ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ስለዚህ የክዳኑ ላስቲክ ቢሰነጠቅ ወይም ውሃው ቢጎድል ሞተሩ ቶሎ ይፈላል። የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ሲል ዳር ይዞ ማቆም፣ ክዳኑንም እስኪቀዘቅዝ አለመንካት ይገባል፤ ታፍኖ የቆየው ውሃ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የፍሬን ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ካለው ከሐገረ ሰላም ደጋ ወደ እኛ የሚወርድ መኪና ፍሬኑን ሳያቋርጥ ከያዘ፣ ሸራው ይግልና የመቃጠል ሽታ ያመጣል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ፣ ሲያረጅ በቶሎ ይፈላል። በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ መኪናውም አልያዝ ይላል። ብልህ ሹፌር ቁልቁለቱን የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ሽታው ሲመጣም ቆሞ ያበርዳል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም እየበዙ መጥተዋል። እነዚህ ጢስም የሞተር ዘይትም የላቸውም። ነገር ግን ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና ኩሽኔታ ስላላቸው፣ ጆሯችንና አፍንጫችን ከሥራ አልተሰናበቱም።

አንዳንድ ሰው «ቦሎ ተለጥፎበታል፤ ምርመራ አልፏል» ይል ይሆናል። ምርመራው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የቀረውን ቀን ሁሉ የሚጠብቀን የራሳችን ትጋት ነው። ሹፌሩ ጋራዥ በገባ ቁጥር የዕለት ገቢው እንደሚቀርበት አውቃለሁ፤ «ደርሰን እናየዋለን» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በጊዜው ቢቀየር ቀላል ወጪ የሚያስወጣው የፍሬን ሸራ፣ ቸል ሲባል የሚያስከፍለው የሰው ሕይወት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ በመኪና ስንሄድ ያልተለመደ ሽታ ወይም ድምፅ ብንሰማ፣ «ጋሼ፣ የሚሸት ነገር አለ፤ እባክዎ አቁመው ይዩት» ብሎ በትሕትና መናገር ድፍረት አይደለም። ወላጆቻችንም እንዲህ ያለውን ልጅ «ዝም በል» ከማለት ይልቅ ቢያግዙት መልካም ነው። ዘግይቶ መድረስ በይቅርታ ይታለፋል፤ አለመድረስ ግን ማካካሻ የለውም።