ትራፊ የማይጥል ቆጣሪ

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍሏታል፤ አንዱ ኬክሮስ በእጅ ሰዓት 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮሱን መልሰው በ60 ካልዒት፣ ካልዒቱን በ60 ሣልሲት እያሉ፣ በራብዒትና በኀምሲት አልፈው ሳድሲት ላይ ይደርሳሉ። ሒሳቡን እስከ ታች ብንከተለው ሳድሲት የሰከንድን ሁለት ሚሊዮንኛ እንኳ አትሞላም። እንዲህ ያለችውን ቅንጣት በዓይንም በጆሮም የሚለይ ሰው የለም። ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና ሞጣ በሚዘልቀው አገር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሰፊው ባሳወቃት ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ወርቅ፣ ይህን አከፋፈል በቃሉ የያዘ ሰው ግን አይጠፋም።

ሳድሲትን የምታህል ጊዜ ሥራ የምትሠራበት ቦታ አለ፤ ጥፍር በማታህል ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ። የመኪና ፍሬን ጎማውን ቆልፎ እንዳያንሸራትት የሚቆጣጠረው፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት በጠብታ የሚለካው፣ ሳተላይትን አቅጣጫዋን የሚያስይዛት መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሪል ታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፍሪአርቶስና በ2016 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የወጣው ዜፊር ከታወቁት መካከል ናቸው። የዚህ ዓይነት ሲስተም የሚመዘነው ቀጠሮ በማክበሩ ነው፤ ትክክለኛ መልስ ይዞ የዘገየ ፕሮግራም እንደ ተሳሳተ ይቆጠራል። ቀጠሮውን የሚጠብቅለት ደግሞ የሲስተም ታይመር ድራይቨር የሚባል አጭር ፕሮግራም ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ መስመር አይበልጥም። ሌላው ሁሉ ግን በእሱ ላይ ተማምኖ ይተኛል፣ በእሱ ይነቃል።

መነሻው ክሪስታል ነው። ለሰዓት የሚሠራው የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይመታል። ይህ ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲገመስ ያለ ትራፊ አንድ ላይ ስለሚደርስ ለዲጂታል ቆጣሪ ይመቻል። ቺፑ ውስጥ ያለው ቆጣሪ በእያንዳንዱ ምት አንድ ይጨምራል። ከጎኑ ማነጻጸሪያ ሬጂስተር አለ። ድራይቨሩ እዚያ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ ቆጣሪው ያን ቁጥር ሲደርስበት ፕሮሰሰሩን የያዘውን አስጥሎ የሚጠራ ኢንተራፕት ይነሣል። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ስለ ክሪስታልም ሆነ ስለ ምት ግድ የለውም፤ የሚያውቀው ቲክ የተባለ የራሱን የጊዜ መስፈሪያ ብቻ ነው። ድራይቨሩን የሚጠይቀውም ጥቂት ነገር ነው፦ ከዚህን ያህል ቲክ በኋላ ቀስቅሰኝ፤ እስካሁን ስንት ቲክ አለፈ? ሲያልፍም አሳውቀኝ።

ጣጣው የሚጀምረው ምትና ቲክ እኩል አልካፈል ሲሉ ነው። ከርነሉ በሰከንድ 1,000 ቲክ ቢፈልግ ለአንዱ ቲክ 32.768 ምት ይደርሰዋል፤ ቆጣሪ ደግሞ ከሙሉ ቁጥር ሌላ አያውቅም። ጀማሪ ጸሐፊ ክፍልፋዩን ቆርጦ 32 ይላል። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ መብራቱ በየሰከንዱ ብልጭ ይላል፣ አጠገቡ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ምንም አልጎደለም። አንድ ቀን ሲሞላው ግን ሰዓቱ ከ34 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ይገኛል። ወደ 33 ቢያጠጋጋው ደግሞ በቀን 10 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያመጣው ከአንድ ምት ያነሰ ትራፊ ነው።

ይህን ጥያቄ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከኮምፒውተር አስቀድመው ያውቁታል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃ 354፤ ልዩነቱ 11። ባሕረ ሐሳብ ይህን 11 አይጥለውም፣ አያጠጋጋውምም። በየዓመቱ ያጠራቅመዋል፤ 30 በሞላ ቁጥር ይገድፈዋል፤ የተረፈውን አበቅቴ ብሎ ይዞት ይሄዳል። የ2018 ዓ.ም.ን እናውጣ። 5,500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 30ን ለመሙላት የጎደለው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ ከእሱ ተነሥተው ነነዌን ጥር 25፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 4 ላይ ያውሉታል። በዚህ ስሌት 19 ዓመት ሲሞላ ድምሩ 209 ይደርሳል፤ ሲገደፍ 29 ይቀራል። ለ30 አንድ ጎደለ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ያችን አንድ ቀን ጨምረው ዑደቱን ወደ ባዶ ይመልሱታል፤ ጉድለቱን አውቀውት፣ የሚታረምበትን ዓመትም ወስነውለት።

ጥሩ ድራይቨር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በየቲኩ የምትተርፈውን 768 ሺሕኛ ምት አንድ ቦታ ያጠራቅማታል። ሺሕ በሞላ ቁጥር ለዚያ ቲክ 33 ምት ይሰጣል፤ አለዚያ 32። ከ125 ቲክ 96ቱ ባለ 33፣ 29ኙ ባለ 32 ይሆናሉ፤ ድምሩ 4,096 ምት፣ ትራፊው ባዶ። አንዱን ቲክ ነጥለን ብንለካው ከአንድ ምት ባነሰ ዘንፎ ልናገኘው እንችላለን፤ ዝንፈቱ ግን አይከማችም። የ19 ዓመቱ ዑደት በባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመር ይባላል፤ 125 የዚህ ድራይቨር ንዑስ ቀመር ነው ብል ድፍረት አይመስለኝም፤ በዑደቱ መጨረሻ የሚጨመር አንድ ስለሌለበት እንዲያውም ከባለ 19 ዓመቱ ይቀላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ የቢቸና ወይም የሞጣ ወጣት ይህን ፕሮግራም ሊጽፍ ቢቀመጥ፣ የሙያውን ከባድ ሐሳብ ይዞ እንደ መጣ አምናለሁ። የሚቀረው የቺፑን መመሪያ ማንበብ ነው።

ትራፊ መጣል የሰው ሕይወት አስከፍሏል። የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪየት ፀረ ሚሳይል ሲስተም ወደ ጦር ሠፈሩ የመጣውን ስከድ ሳይመታው ቀረ፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። ሲስተሙ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። አንድ አሥረኛ በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ ቁጥር ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ በ24 ቢት ላይ ተቆርጦ ነበር። የተቆረጠው ከሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። ሲስተሙ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል በመሥራቱ ግን ስሕተቱ 0.34 ሰከንድ ደረሰ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስከዱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ክፍልፋዩን በጥንቃቄ የያዘ ጸሐፊም በሌላ በር ሊያፈስስ ይችላል። ኢንተራፕቱ ሲጠራ ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ላይ ከሆነ፣ ድራይቨሩ ሁለትና ሦስት ምት ዘግይቶ ይነቃል። የነቃበትን ቅጽበት መነሻ አድርጎ «ከአሁን 33 ምት በኋላ» ብሎ ከቀጠረ መዘግየቱ በሰዓቱ ላይ ይጨመራል፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ስለዚህ ቀጠሮው ሁልጊዜ የሚቆጠረው ካለፈው የቲክ ድንበር ነው፤ የዘገየው ከዚያ ውስጥ ይታሰብለታል።

ብዙ ጸሐፊ ሌሊቱን የሚያነጋበት ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው። ቆጣሪው 1,000 ላይ ሳለ ድራይቨሩ 1,001ን ቀጠሮ አድርጎ ይጽፋል። ጽሑፉ ሬጂስተሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቆጣሪው 1,002 ደርሷል። ቁጥሩ ታልፏልና ኢንተራፕቱ አይነሣም፤ ቆጣሪው ሞልቶ፣ ከባዶ ጀምሮ ተመልሶ 1,001 እስኪደርስ መጠበቅ ነው። በ32,768 ምት የሚሄድ ባለ 24 ቢት ቆጣሪ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ512 ሰከንድ ነው። ስምንት ደቂቃ ተኩል ሙሉ ሲስተሙ ሞቶ ይቆይና ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ከሺሕ አንዴ ስለሚከሠት በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ፈውሱ ከአሁን በጣም የቀረበ ቀጠሮ አለመጻፍ፣ ከጻፉም በኋላ ቆጣሪውን ደግሞ አንብቦ ቀጠሮው ታልፎ ከሆነ ኢንተራፕቱን በእጅ ማስነሣት ነው።

የቆጣሪው መሙላት በራሱ ችግር አይደለም። ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ቀንሶ በቆጣሪው ስፋት መግደፍ ነው፤ ልዩነቱ ዙሩ ቢለወጥም ትክክል ይወጣል። አንድ ግዴታ ግን አለው፤ በሁለት ንባብ መካከል ሙሉ ዙር ማለፍ የለበትም። ዛሬ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ፕሮሰሰሩ በየቲኩ አይቀሰቀስም፤ ሥራ እስኪኖር ተኝቶ ሲነቃ «40 ቲክ አልፏል» ተብሎ በአንድ ጊዜ ይነገረዋል። ምንም ሥራ ባይኖር እንኳ ድራይቨሩ ከ512 ሰከንድ በፊት ነቅቶ ማንበብ አለበት፣ አለዚያ ያለፈው ዙር ከታሪክ ይጠፋል። ይህን የዘነጉ ታላላቅ ድርጅቶችም አሉ። ዊንዶውስ 95 ሚሊሰከንዱን በ32 ቢት ይቆጥር ስለነበር 49.7 ቀን ሳይጠፋ ከሠራ ይደርቅ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን የቦይንግ 787 ጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎች 248 ቀን ሳይጠፉ ከቆዩ ኃይል ሊያቋርጡ ስለሚችሉ በየጊዜው እንዲጠፉና እንዲነሡ አዝዟል።

ስለዚህ ታይመር ድራይቨር በአንድ ደቂቃ ሙከራ አይመሰገንም። ከሌላ የታመነ ሰዓት ጋር ለቀናት ማስተያየት ያስፈልጋል። ለሰዓት የሚሠራ ክሪስታል በተለምዶ ከሚሊዮን 20 ያህል ሊዛነፍ ስለሚችል፣ በቀን እስከ 1.7 ሰከንድ የሚደርስ ልዩነት ከድንጋዩ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ጸሐፊው በራሱ መስመሮች ውስጥ ይፈልግ። ዙር የመለወጡን ስሕተት ለመያዝ የሊኑክስ ጸሐፊዎች ያደረጉትን እወድላቸዋለሁ። የከርነላቸውን የቲክ ቆጣሪ ከዜሮ አያስጀምሩትም፤ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ላይ ያስነሡታል፣ የተደበቀ ስሕተት ካለ ማሽኑ በተከፈተ በአምስተኛው ደቂቃ ጸሐፊው ፊት እንዲወጣ።