ባሕር የሚያልሙ ተማሪዎችና ባንትይቀጡ

ወደ ውኃ ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚያልሙት ባሕር ነው። አገራችን ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ያሉን ሐይቆችና ወንዞች ናቸው፤ እነሱም ዕድሜ ልክ የማያልቅ ሥራ አላቸው። በጣና ሐይቅ ብቻ ከደርዘን በላይ የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም።

ዘንድሮ የተቀበልናት ተማሪ የካዛንቺስ ልጅ ናት። ለመጀመሪያው የመስክ ሥራ በፍል ውኃ በኩል ወደሚያልፈው የባንትይቀጡ ወንዝ ወሰድናት። የጎማ ቦቲና ጓንት አድርጋ ወንዙ ውስጥ ቆመች። መረቡን አፉን ወደ ውኃው አመጣጥ አዙራ ይዛ ከፊቱ ያሉትን ድንጋዮች በእግሯ አናወጠች፤ የተያዘውን በነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ቀያይ ትል መሰል ፍጥረታት ተርመሰመሱ።

«መምህር፣ እዚህም ሕይወት አለ ማለት ነው?» አለችኝ።

አዎ፣ አለ። ኪሮኖሚድ የሚባለው የትንኝ ዘመድ እጭ ነው። ቅላቱ ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ በእርሱ አማካይነት ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ውስጥ መኖር ይችላል። ንጹሕና ኦክስጅን የሞላው ውኃ የሚሹት ኤፌሜሮፕቴራ የሚባሉት ነፍሳት እጮች ግን በሳህኑ ላይ አልነበሩም። እሷም መዝገቡ ላይ ያገኘቻቸውን ብቻ ጽፋ ልትዘጋው ስትል አስቆምኳት። በእኛ ሙያ ያልተገኘውም ውጤት ነው። ፍሳሽ ወንዙን ምን ያህል እንደጎዳው የሚነግረን የጠፉት ፍጥረታት ዝርዝር ነውና፣ ባዶው ረድፍ ላይ ዜሮ ብላ ጻፈች።

የኦክስጅኑንና የሙቀቱን መጠን እዚያው ወንዙ ዳር ለካን፤ ውኃው ተቀድቶ ከቆየ ልኬቱ ይለወጣል። ናሙናው አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገባ፤ ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢዋ ስም በእርሳስ ተጽፎ አብሮት ገባ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ናሙና ደግሞ ለምርምር አይረባም።

የባንትይቀጡ ውኃ በቀበና ወንዝ በኩል ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እዚህ የምንጥለውን ባሕር ወስዶ አይሰውርልንም፤ እዚሁ ከእኛው ጋር ይቀራል።

ባሕር ማጥናት የምትመኙ ወጣቶች፣ ምኞታችሁን አትተዉት። መረብ አያያዝ፣ አመዘጋገብና እውነቱን እንዳለ መጻፍ በየትኛውም ውኃ ዳር አንድ ነው። ባልደረቦቼም አዲስ ተማሪ ሲመጣላችሁ ከማይክሮስኮፑ በፊት በየሰፈሩ ወዳለው ወንዝ ውሰዱት። የአዲስ አበባ ወንዞች እንዲያገግሙ ከተፈለገ፣ በየጊዜው የሚቆጥርላቸውና የሚመዘግብላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።