በጋራ ሕንፃ ስለ መኖር፤ የማኅበር ደንብና የቤተ ሰብ ምቾት

ከታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ሐዋሳን የሚመለከት ሰው፥ በአንድ ወገን ሐይቁን፥ በሌላው ወገን የከተማውን ቤቶች ያያል። ከነዚህም መካከል ለየብቻ አጥርና ጓሮ የሌላቸው፥ ቤት በቤት ላይ የተደራረበባቸው የጋራ ሕንፃዎች ይገኛሉ። በውስጣቸው ስለሚኖረው ቤተ ሰብ ጥቂት ቃል መናገር የሚገባ መስሎናል።

ይህ የቤት ሥራ በ1996 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ፥ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ። አስቀድሞም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጥቶ ነበርና፥ እያንዳንዱ ሰው የገዛ ቤቱ ጌታ ሲሆን፥ እንደ ደረጃና እንደ ጣራ ያለው ግን የሁሉ የጋራ ንብረት እንዲሆን ተደነገገ። ይህንንም የባለቤቶቹ ማኅበር በመተዳደሪያ ደንብ ያስተዳድረዋል።

ደንብ ማስፈለጉን የሚክድ የለም። በላይኛው ፎቅ የፈሰሰ ውኃ በታችኛው ቤት ይንጠባጠባል፤ ማታ የሚወቀጥ ቡና የጎረቤትን ሕፃን ይቀሰቅሳል፤ በደረጃ ላይ የተቀጣጠለ ከሰል ጭሱ በየበሩ ይገባል። ስለዚህ ለራስ ምቾት ብሎ ባልንጀራን ማወክ ነውር ነው።

ነገር ግን የሀገራችን ኑሮ ያለ ምጣድ፥ በዓሉ ያለ እርድ፥ ሐዘኑም ያለ ድንኳን አይሆንም። በሲዳማ አዲስ ዓመት፥ ዩኔስኮ በ2008 ዓ. ም. በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት በመዘገበው በፊቼ ጨምበላላ፥ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሰናዳው ቡርሳሜ ከጎረቤት ጋራ ይበላል። ጎረቤት ተሰብስቦ የሚበላበት ስፍራ ከሌለ ግን ይህ መልካም ልማድ በምን ይቆማል? «ክልክል ነው» ብሎ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ የተከለከለው ሰው ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይሻል።

ሕንፃዎቹን ያቀዱት ሰዎች ይህን አልዘነጉም። በመኖሪያዎቹ አጠገብ ለእርድ፥ ለልብስ ማጠቢያና ለምግብ ማብሰያ የሚያገለግል የጋራ ቤት አስበው ነበር። ይህ ቤት ለኪራይ ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲውል፥ እርዱና ጭሱ ተመልሶ ወደ ደረጃው ይመጣል። ያን ጊዜ በምጣድዋ የምትወቀሰው እናት ደንብ አፍራሽ ትባላለች፤ መጀመሪያ የፈረሰው ግን ለእርስዋ የተሰጠው ስፍራ ነው።

የሽማግሌዎችም ነገር እንዲሁ ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አረጋዊት፥ ውኃ በጀሪካን ሲወጣላቸው ማረፊያ ወንበር በደረጃው መታጠፊያ ቢያኖሩ፥ በደንቡ ቃል አጥፊ ናቸው። ማኅበሩ ግን ወንበሩን ከማስነሣቱ በፊት፥ መተላለፊያውን የማይዘጋ ማረፊያ ቢያዘጋጅላቸው፥ ደንቡም ሳይጣስ፥ እርሳቸውም ሳያዝኑ ይቀራሉ።

ሕዝባችን በደንብ መተዳደር ከእድሩ ተምሮአል። እድር የቀረውን ይቀጣል፤ ነገር ግን ታሞ የቀረውን ጠይቆ ይምረዋል፤ ሰው ደንቡን የሚያከብረውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ በማኅበር የተመረጣችሁ ሁሉ፥ ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት እናቶችንና ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ አንድ ነገር ስትከለክሉም በምትኩ ስፍራውንና ሰዓቱን አመልክቱ። ነዋሪውም በበኩሉ መዋጮውን በጊዜው ይክፈል፤ በጉባኤም ይገኝ። ማኅበሩ የባለቤቶቹ ሁሉ ነውና፥ ከጉባኤ ቀርቶ በቤቱ የሚያጉረመርም ሰው የሚያማው ራሱን ነው።