እንሶስላ፦ ከሥር የሚወጣ ቀለም

እንሶስላ የሞቀ እጅ ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የሙሽራዋ መዳፍ፣ የሚዜዎቿ ጥፍር፣ ለበዓል የተዋቡ እናቶች እግር፤ ቀለሙን ሁሉም ያውቀዋል። ተክሉን ግን ወንዝ ዳር ከነአበባው ቆሞ ቢያገኘው ስንቱ ይለየዋል? ከተማ ውስጥማ እንሶስላ ሲባል ለብዙዎች ትዝ የሚላቸው ከሱቅ የሚገዛው የሂና ዱቄት ነው። ሂና ሌላ፣ እንሶስላ ሌላ።

ሂና ሙቀት የሚወድ ቁጥቋጦ ሲሆን ቀለሙ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ደርቆና ተፈጭቶ አገር ያቋርጣል። እንሶስላ ደግሞ ደገኛ ነው፤ ቀለሙም ከመሬት በታች፣ ድንች በሚመስለው ሥሩ ውስጥ ነው። ሁለቱ ተክሎች በዝምድና አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ሎሶን የሚባለው ማቅለሚያ ንጥረ ነገር ነው። ሎሶን ቆዳና ጥፍር ከተሠሩበት ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ስለሚተሳሰር በውኃም በሳሙናም አይለቅም፤ የሚጠፋው የቀለመው ቆዳ ራሱ ረግፎ በአዲስ ሲተካ ነው። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደመቅ የሚለው የዚያ አካባቢ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ነው። ጥፍር ላይ ደግሞ ወራት ይቆያል። አዲሱ ጥፍር ከሥር ሲያድግ ቀለሙን ወደ ጫፍ ይገፋዋል፤ ልብ ብሎ ላየው ሠርጉ መቼ እንደነበረ ከጥፍሯ መገመት ይቻላል።

በዕፅዋት አጥኚዎች ዘንድ ተክሉ የሚታወቀው ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ በሚል ስም ነው። ስሙን የሰጠው አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ያዘጋጀው መጽሐፍ መታተም የጀመረው በ1847 እ.ኤ.አ. ነው። ሪሻር የጻፈው ፓሪስ ተቀምጦ ነው። ዕፅዋቱን ከሰበሰቡለት መካከል ካርቲን ዲዮንና አንቷን ፔቲ የሚባሉ የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። አንደኛው በንዳድ ሞተ፣ ሌላውን አባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው።

ለመለየት አበባውን የመሰለ ነገር የለም። እንሶስላ እርጥበትና ጥላ ባለበት፣ በወንዝ ዳርና በጫካ ጥግ የሚበቅል ሲሆን ከተመቸው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። ግንዱ ለስላሳና ውኃ የቋጠረ ስለሆነ በጣት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የቅጠሉ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ አለው። አበባው ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ግን ወይን ጠጅ ቀለም ተረጭቶበታል። ከኋላው ቀጭን፣ ረጅም ጅራት ተንጠልጥሏል፤ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። የአበባው ማር ያለው እዚያ ጅራት ጫፍ ላይ ስለሆነ የንብ ምላስ አይደርስበትም። ሲመሽ ሽታው እየበረታ ይሄዳል፤ ግብዣው ረጅም ምላስ ላላቸው የሌሊት የእሳት ራቶች ነው። አበባው ረግፎ ፍሬው ሲበስል ደግሞ ጨዋታ አለው፦ ጣት ገና ሲነካው ፈንድቶ ቅርፊቱ ይጠቀለልና ዘሩን ራቅ አድርጎ ይበትነዋል።

ይህ የፍሬ ጠባይ ግን ብቻውን መለያ አይሆንም፤ የዘመዶቹም ሁሉ ነው። በተለይ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ቀይ አበባ ያለው የቅርብ ዘመድ ስላለው፣ አበባ ሳያወጡ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። የዚህኛውም ሥር ለማቅለሚያ ስለሚውል በአንዳንድ አካባቢ ሁለቱም እንሶስላ ይባላሉ። ጉርሽጥ የሚሏቸውም አሉ።

ማሳደጉ ከባድ አይደለም። የሚፈልገው ብስባሽ የበዛበት፣ ውኃ የማይለየው ግን የማያቁር አፈርና የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ነው። በበጋ ከላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል፤ የማያውቅ ሰው ሞተ ብሎ ቦታውን ይቆፍረዋል። ሥሩ ግን ከታች ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ለማራባት ቡቃያ ያለበትን የሥር ቁራጭ በዝናብ መግቢያ መትከል ይበቃል። ሥር ሲቆፈር ተክሉ አብሮ ስለሚነቀል፣ አስተዋይ ሴት ለእጇ የሚበቃውን ወስዳ አንዱን ቁራጭ ጉድጓዱ ውስጥ ትመልሰዋለች። እንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች ሳይቀሩ ያሳድጉታል፤ ለቀለሙ ሳይሆን ለአበባው ብለው፣ በክረምት ውርጭ እንዳይመታው ሥሩን በደረቅ ቅጠል እየሸፈኑ።

ሙያው ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይፈልጋል። ሥሩ ታጥቦ ይወቀጣል፤ የተወቀጠው እጅና እግር ላይ ይደረግና በጨርቅ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም፤ ሌሊቱን እንደታሰሩ ማደር ነው። ሙሽራዋ ውኃ እንኳ በሰው እጅ ትጠጣለች። ጠዋት ሲፈታ የሚታየው ቀለም መጨረሻው አይደለም፤ አየር ሲያገኘው እየደመቀ ይሄዳል። ጠቆር እንዲል የሚፈልግ ደግሞ ደጋግሞ ይሞቃል። ተረከዙ ለተሰነጣጠቀ፣ በእግር ጣቶቹ መካከል ለሚያሳክከው ሰውም ይደረግለታል። ይህም ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሎሶን ፈንገስን የመከላከል አቅም እንዳለው በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ትዕግሥቱ የጠፋው አሁን ነው። በየውበት ሳሎኑ «ጥቁር ሂና» የሚባለው ቶሎ እንዲጠቁር አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይጨመርበታል። ኬሚካሉ ቆዳን ሊያቆስልና ዕድሜ ልክ የማይለቅ አለርጂ ሊተው ይችላል፤ አንዴ የተቆጣ ሰውነት በኋላ ፀጉር ሲቀባም ሊያብጥ ይችላል። እውነተኛ እንሶስላም ሆነ ንጹሕ ሂና በሰዓት ውስጥ ከሰል አይመስልም። እዚያው ተቀምጠው እያሉ ከጠቆረ፣ ከመታጠቡ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ይገባል።