ምዕራፍ 6፦ ያልደረሰ ካርድ እንዴት ይገመታል?

እስካሁን ሁለት ነገር ይዘናል። የግራፊክስ ካርድ ጉልበቱ ብዛቱ ነው፤ ብዛቱ ደግሞ የሚጠቅመው ሥራ ሲቀርብለት ብቻ ነው። ሁለቱንም ያዙልኝ፤ የዚህ ምዕራፍ ስንቅ ናቸው። አሁን የምንገባበት እኔ ከምንም በላይ የምወደው ጨዋታ ነው፦ ገና ገበያ ያልወጡ ሁለት ተፎካካሪ ካርዶችን ይዞ የትኛው እንደሚቀድም መገመት።

በመጀመሪያ ግን ንዴቴን ላውጣ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካለችው የጥገና ሱቄ የሚገባ ሰው ስለ ካርድ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ጊጋ ነው?» ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ ያሳየዋል። በዚህ መለኪያ ባለ 4 ጊጋው ጂቲ 730 ባለ 2 ጊጋውን ጂቲኤክስ 1050 ያስከነዳል ማለት ነው። ሁለቱን ተራ በተራ ሰክቶ ያየ ሰው ግን ይስቃል። ከዚህ የሚብሰው «ግራፊክስ ካርድ የኮምፒውተር ዓይን ነው» የሚለው ማብራሪያ ነው። ዓይን ያያል፤ ካርድ ምንም አያይም። ይህን የጻፈው ሰው ካርድ ፈትቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ የማመጣላችሁ የእንጀራ ቤት ነው። ለሆቴሎች እንጀራ የሚያስረክብ፣ ምጣድ የሞላበት ቤት አስቡ። ምጣዶቹ የካርዱ አስሊዎች ናቸው፤ ኤንቪዲያ «ኩዳ ኮር»፣ ኤኤምዲ «ስትሪም ፕሮሰሰር» የሚላቸው። ሊጡ ዳታው ነው። ጓዳ ካለው በርሜል በጆግ እየተቀዳ ይመጣል፤ በሰከንድ የሚደርሰው መጠን ባንድዊድዝ ይባላል። ያ ሁሉ ሰው የሚጠይቀው «ጊጋ» የበርሜሉ ስፋት ነው። ሊጡ ሞልቶ ከፈሰሰ በእርግጥ ችግር ነው፤ በርሜሉ ስለሰፋ ብቻ ግን እንጀራ ቶሎ የወጣበት ቤት አላየሁም። የእንጀራው ዓይኖች ደግሞ ፒክስሎቹ ናቸው፤ 4ኬ ስክሪን ላይ 8,294,400 ዓይን አለ፤ ሁሉም በሰከንድ 60 ጊዜ እንደ አዲስ ይወጣሉ። (አክንባሎውንም ከማቀዝቀዣው ጋር ላመሳስለው ሞክሬ ነበር። ጓደኛዬ «አክንባሎ ሙቀት ያፍናል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ?» ብሎ አስቆመኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።)

ምሳሌው ዕድለኛም ነው። ነሐሴ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. የኤንቪዲያ አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ አርቲኤክስ 3080ን ለዓለም ያስተዋወቀው ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር። የቀድሞው አርቲኤክስ 2080 አስሊው 2,944 ነው፤ የአዲሱ 8,704። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምን ቀረው? ኩባንያው ራሱ የተናገረው ግን «እስከ ሁለት እጥፍ» የሚል ነበር። ሻጩ ዕቃውን ከቁጥሩ አሳንሶ ሲያወራላችሁ ቁጥሩ ውስጥ አንድ ነገር ተደብቋል ማለት ነውና እሱን ፈልጉ።

የተደበቀው ይኸውላችሁ። ጌም ውስጥ ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለ፤ የአሥርዮሽና የሙሉ ቁጥር። እንጀራና ቂጣ በሏቸው። 2080 ላይ ለቂጣው የተለየ ምጣድ ነበረ፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አይቆጠርም ነበር። 3080 ላይ ያው የቂጣ ምጣድ እንጀራም እንዲያወጣ ተደረገና ተቆጠረ። ቂጣ ሲታዘዝ ታዲያ በዚያ ምጣድ ላይ የእንጀራው ሥራ ይቆማል። ኤንቪዲያ ከዚያ በፊት ባወጣው ሰነድ፣ ጌም ውስጥ ለ100 እንጀራ 36 ያህል ቂጣ እንደሚታዘዝ ጽፎ ነበር። እንግዲህ ከ136 ትእዛዝ 100ው እንጀራ ከሆነ፣ ከ8,704 ምጣድ ለእንጀራ የሚተርፈው 6,400 ነው። ለ2,944 ሲካፈል 2.17 እጥፍ። የምጣዶቹ ግለት፣ ማለትም የሰዓት ፍጥነታቸው፣ በወረቀት ላይ እኩል ስለሆነ እሱን እንዝለለው።

አሁን ወደ ሊጡ። 2080 በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ 3080 ደግሞ 760። ይህ 1.7 እጥፍ ብቻ ነው። ምጣዱ በ2.17 አድጎ ሊጡ በ1.7 ካደገ፣ ጋጋሪዎቹ አንዳንዴ እጃቸውን አጣጥፈው ጆግ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ግምቱ፦ ካርዱ ሁለት እጥፍ አይሞላም፤ 1.7 አካባቢ ይቆማል። ካርዱ ወጥቶ ገለልተኛ ፈታሾች በ4ኬ ሲለኩት ከ60 እስከ 70 በመቶ ብልጫ አገኙበት። ይህን ቁጥር ያየሁ ለት የተሰማኝን ደስታ ለባለቤቴ ላስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ያ ደስታ ነው ጉድ ያደረገኝ። በዚያው መስከረም 2013 ዓ.ም. አንድ ወጣት አርክቴክት ሱቄ መጣ። በ1954 እ.ኤ.አ. ከስዊድን ጋር በትብብር ከተቋቋመውና ሰፈሩ ዛሬም «ሕንፃ ኮሌጅ» ከሚለው ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ግቢው አጠገብ ክፍል ተከራይተው ለሌሎች ቢሮዎች ሬንደር ይሠራሉ። «ጋሼ፣ 3080 ይምጣልን ወይስ የኤኤምዲውን እንጠብቅ?» አለኝ። የኤኤምዲው አርኤክስ 6800 ኤክስቲ ገና በይፋ አልወጣም ነበር፤ ሆኖም የማስታወሻው መንገድ 256 ቢት ብቻ ነው የሚል ወሬ ነበር። ወረቀት አወጣሁ፤ በርሜሉን ሣልኩ፣ ጆጉን ሣልኩ፣ ምጣዱን ደረደርኩ። «በዚህ ጠባብ መንገድ 3080 ላይ አይደርስም፤ አትጠብቁ» አልኩት።

ጥቅምት 18 የኤኤምዲዋ ሊሳ ሱ ካርዱን ይፋ አደረገች። 4,608 አስሊ፣ በሰከንድ 512 ጊጋባይት። በእኔ ስሌት የወደቀ ካርድ ነው። በኅዳር ገበያ ሲወጣ ግን ከ3080 ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ፤ በ4ኬ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ዝቅ ባለ ስክሪን እኩል፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ። የተሸነፈው የብርሃን ጨረር በሚያስሉ ጌሞች ላይ ነው።

ምን ሳትኩ? ባልዲውን። ኤኤምዲ ከምጣዶቹ አጠገብ፣ እዚያው ቺፑ ላይ፣ 128 ሜጋባይት የሚይዝ «ኢንፊኒቲ ካሽ» አስቀመጠ፤ 3080 አጠገቡ ያለው ካሽ 5 ሜጋባይት ነው። ጋጋሪዋ ሊጡን ከባልዲው ከጠለቀች ወደ ጓዳ መመላለስ አያስፈልጋትም፤ የጓዳው መንገድ ጠበበ ሰፋ ግድ አይሰጣትም። ስክሪኑ 4ኬ ሲሆን ግን ባልዲው አልበቃ ይላል፤ ካርዱ እዚያ ላይ ጥቂት የደከመውም ለዚህ ነው። እኔ ጆግ ስቆጥር ባልዲ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። እንደ ጠጋኝ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ እንደዚህ ግን በሥዕል አስደግፌ ያበላሸሁት የለም።

ሌላም የማይገመት ነገር አለ። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አያወጣም፤ ይጣበቃል። ካርድም ድራይቨሩ እስኪበስል እንደዚያው ነው። «የኤኤምዲ ካርድ ሲቆይ እንደ ጠጅ ይጣፍጣል» የሚሉ ደጋፊዎች አሉ፤ በየሱቁ ቡና ላይ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። በሁለተኛው ዓመት የፈጠነ ካርድ በመጀመሪያው ዓመት ሳይሟሽ የተሸጠ ካርድ ነው፤ ገንዘባችሁን የተቀበሉት ግን ሙሉውን፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ለዚህ ነው ስገምት የማሟሻውን ተስፋ የማልደምረው።

ድራይቨሩስ ይሁን፤ ደሜን የሚያፈላው የ2017 ዓ.ም. ነገር ነው። የገና ዕለት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ላስ ቬጋስ ገና ማምሻ ነበር። ጾሙ ተፈቶ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታውዷል፤ እኔ ስልኬ ላይ ተደፍቻለሁ። ጄንሰን ሁዋንግ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ መጪው አርቲኤክስ 5070 የ4090ን አቅም በ549 ዶላር ይሰጣል አለ። 4090 እኮ 16,384 አስሊ ያለው፣ በሰከንድ 1,008 ጊጋባይት የሚያመላልስ ጭራቅ ነው! 5070 አስሊው 6,144፣ ባንድዊድዙ 672 ነው። በየትኛው ምጣድ ነው የሚጋገረው?

መልሱ፦ አልተጋገረም። «ፍሬም ጄነሬሽን» የሚሉት ዘዴ ሁለት በእውነት የተሠሩ ምስሎችን ይይዝና በመካከላቸው ሊኖር የሚችለውን ገምቶ ይሥላል፤ የዚያን ጊዜው አዲስ ስሪት በአንዱ እውነተኛ ምስል ላይ እስከ ሦስት ይጨምር ነበር። ከእያንዳንዱ እንጀራ በኋላ ሦስት የእንጀራ ፎቶ መሶቡ ላይ ደርቦ «አራት አደረስኩ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ትንሽ ይበድላል፤ ፎቶ አይበላም፣ የተገመተው ምስል ግን ለዓይን እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። እጅ ግን አይታለልም፤ ጌሙ ለቁልፋችሁ የሚመልሰው በእውነተኞቹ ምስሎች ፍጥነት ነው። ሁለት ኩባንያዎች ግራፍ ሲያወጡላችሁ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ዘዴው አንዱ ዓምድ ላይ በርቶ ሌላው ላይ ከጠፋ ግራፉን እጠፉት።

እኔ የዚያን ቀን የገመትኩት እንዲህ ነው። ሁለቱ ትውልዶች የሚመረቱበት ቴክኖሎጂ ብዙም አልተለየም፤ ስለዚህ ከአንድ ምጣድ ተአምር አይጠበቅም። የ4090 ትውልድ የሆነው 4070 ሱፐር 7,168 አስሊና 504 ጊጋባይት አለው። 5070 ምጣዱ አንሶ ሊጡ ጨምሯል፤ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል፤ ስለዚህ ከ4070 ሱፐር አጠገብ ይቆማል። በየካቲት መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ሲፈተሽ እዚያው አጠገብ ተገኘ። ባልዲውንም አልረሳሁም።

ወደ አርክቴክቱ ልመለስ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በእኔ ምክር 3080 በዱባይ ተመላላሽ ሻንጣ አስመጥተው ነበር፤ በስንት ዋጋ እንደሆነ አልናገርም፤ 699 ዶላር የሚለውን የካሊፎርኒያ ዋጋ ልደታ ላይ ያየ ሰው የለም። ላብ እያሰመጠኝም ቢሆን እውነቱን ነገርኩት፦ ስለ ኤኤምዲው ተሳስቻለሁ፣ ለጌም ቢሆን ርካሹን ጠብቃችሁ ብትገዙ አይቆጫችሁም ነበር።

«ለጌም?» አለ። «እኛ እኮ በቪ-ሬይ ጂፒዩ ነው የምንሠራው።»

ያን ጊዜ የሬንደር ፕሮግራሙ ቪ-ሬይ ጂፒዩ የተገነባው ኩዳ በሚባለው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ላይ ነበር፤ የኤኤምዲ ካርድ ቢገዙ ኖሮ ካርዱን አያየውም ነበር። በሌላው የሬንደር ፕሮግራም፣ በሉሚዮን፣ የሚሠሩ ቢሆኑ ሁለቱም ያገለግሉ ነበር። በምን እንደሚሠሩ መጀመሪያ ብጠይቀው ኖሮ መልሱ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ ምጣድ ነው።

ልጁ ወረቀቱን ዴስኩ መስታወት ሥር አየው፤ በርሜሉ፣ ጆጉ፣ የተደረደረው ምጣድ።

«ታዲያ ጋሼ» አለኝ፣ «ያን ሁሉ ስለ ሊጥ ምን አስወራዎት?»