ደላላ አይደውል

በቡና አገሯ በሚዛን አማን ከተማ ወረቀት አይበረክትም። ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር አይለቅም፤ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በሁለተኛው ሳምንት ጫፉ ይገነጠላል፣ በሦስተኛው ቀለሙ ፈስሶ ስልኩ አይነበብም። ስለዚህ ቤቱን ሊሸጥ የቆረጠ ሰው ትንሽ ጣሳ ዘይት ቀለም ገዝቶ ቆርቆሮ በሩ ላይ በብሩሽ ይጽፋል፦ «የሚሸጥ ቤት»። ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ከስልኩ ሥር ደግሞ፣ ከሁሉ ጎላ አድርጎ፣ «ደላላ አይደውል»።

የዛሬው ትውውቃችን ከዚህች ከሦስተኛዋ መስመር ጋር ነው።

ቀለሙ ሳይደርቅ የሚደውለው ደላላ ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱ አለ?»

«አለ። ደላላ ነህ?»

«ኧረ ለራሴ ነው!»

በማግስቱ ያ «ለራሴ ነው» ያለው ልጅ ሁለት ሰው አስከትሎ ይመጣል። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ሌላው ዝም ብሎ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ማታ ቤቱ ባለቤቱ ያልጠራው ዋጋ ተለጥፎበት ቴሌግራም ላይ ይወጣል።

ደላላን መሸሽ የሚጀምረው ከሒሳብ ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው ኮሚሽን ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢም እንዲሁ 2 በመቶ ነው። ቤቱ 3 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ ከሻጩ ብቻ 60,000 ብር ይቆረጣል ማለት ነው። ሰውን የሚያናድደው ግን ይህ የታወቀው ድርሻ ሳይሆን «ከላይ» የሚባለው ነው፤ ሻጩን በአንድ ዋጋ አስማምቶ ለገዢው ሌላ መጥራት፣ መሐል ያለውን በኪስ ማስገባት። ቡና አምራች ይህን ጨዋታ ማንም አያስተምረውም። እሸቱን ለቅሞ ለሰብሳቢ ሰጥቷል፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢ አስረክቧል፤ በየእጁ ላይ ጥቂት ጥቂት እንደሚቀር ሲያይ ነው ያደገው።

ደላላን ለማማት ግን አልተነሣሁም። ደላላው የትኛው ነጋዴ ዘንድሮ ገንዘብ እንደያዘ፣ የትኛው ቤት የወራሾች ክርክር እንዳለበት፣ የማን ካርታ በባንክ እንደተያዘ ያውቃል። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ለዚህ ወሬ ነው። «ደላላ አይደውል» ብሎ የጻፈ ሰው ያንን ወሬ ራሱ ሊያዘጋጅ ተስማምቷል፤ ብዙዎች ግን ቀለሙን ከቀቡ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ዋናው ወሬ ደግሞ ስለ መሬቱ ነው። በአገራችን መሬት አይሸጥም። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልፈቀደም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸናው፤ የከተማ ቦታን አያያዝ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይወስናል። እንግዲህ በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» የተባለው ግድግዳውና ጣሪያው፣ ከእነሱም ጋር በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው። ያንን መብት የሚያሳየው ካርታው ነው። «ባለ ካርታ» የምትለው አንዲት ቃል ከኮርኒስና ከሴራሚክ በላይ ዋጋ ታወጣለች።

ሚዛንና ቴፒ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ከተማው የት አልቆ የቡናው ማሳ የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም። ከመስመሩ ወዲያ ያለው የገጠር ይዞታ ነው፤ ይወረሳል፣ ይከራያል፣ አይሸጥም። በሽማግሌ ፊት ተፈርሞ፣ በሦስት ምስክር ታጅቦ፣ ቡና ተፈልቶበት የተገዛ እንዲህ ያለ ቦታ ክርክር የተነሣ ዕለት ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ደላላ ኖረም አልኖረም፣ ገዢ አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማህደሩን ማየት አለበት። ሻጭም ቢሆን ገዢው ሳይጠይቀው «ና አብረን እንሂድ» ቢለው አንድ ሳምንት ድርድር ይቆጥባል።

ማስታወቂያው ላይ ምን ይጻፍ? «ምርጥ ቤት በምርጥ ቦታ» ማንንም አያስደውልም። የሚያስደውለው እንዲህ ያለው ነው፦ «ባለ ካርታ፣ 250 ካሬ፣ ብሎኬት፣ 4 ክፍልና ሰርቪስ፣ ውኃና መብራት የራሱ ቆጣሪ፣ ጓሮው 15 እግር ቡና። መነሻ ዋጋ ይህን ያህል።» ዋጋ መጻፍን ብዙ ሰው ይፈራል፤ እኔ ግን ይጻፍ ባይ ነኝ። ዋጋ ያልተጻፈበት በር የሰፈሩን ጠያቂ ሁሉ ይጠራል፤ ገሚሱ የራሱን ቤት ዋጋ ሊገምት ነው የሚደውለው። የካርታው ፎቶ ግን ቴሌግራም ላይ አይወጣም። ስሙና ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም፤ ለመጣ ሰው ቤት ውስጥ ማሳየት ይበቃል።

ስለዚያ 15 እግር ቡና ትንሽ ልበል። ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ጓሮውን እንደ ጥላ አይቶት ያልፋል። የአገሩ ሰው ግን በመኝታ ቤቱ በር አልፎ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የሚወጣው። እግሩን ይቆጥራል፣ ግንዱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ያያል፣ «መቼ ተጎነደለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርታው ላይ የሌለ ነገር ዋጋው ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ የጉንደላውን ዓመት ካላወቀ ድርድሩ ላይ አንድ እርከን ወርዷል።

ወቅትም አለው። ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ የወጣ ማስታወቂያና በክረምቱ መሐል የወጣው አንድ አይደሉም። ሌላ ገዢም አለ፤ ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ከተከፈተ፣ በኋላም በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ መቀመጫውን ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ ከተካፈሉት ወዲህ ደመወዝተኛው ቡና አይጠብቅም። እሱን የሚያገኘው የዕድር ወሬ ነው። ዕድር ላይ አንዴ «ቤቴን ልሸጥ ነው» ማለት ከአሥር በር ቀለም ይበልጣል። ብቻ ወሬው «ምን ቸግሮት ነው?» የሚል ጭራ ይዞ ይመለሳል፤ ዋጋም ያወርዳል። ምክንያቱን ቀድሞ አብሮ መናገር ነው መድኃኒቱ።

ገዢ ተገኘ እንበል። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ አንድ ነገር ይወቅ፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢለውጥ እጥፉን ይመልሳል። «የተሻለ ዋጋ መጣልኝ» ብሎ መዝለል ውድ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበትም ያው ሕግ በአንቀጽ 1723 ይደነግጋል። የጋራ ቤት ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርማሉ። ከዚያ ሌላ ዕዳና እገዳ ማጣራት፣ የቤት ግብር ደረሰኝ፣ የስም ማዛወሪያ፤ ከግምቱ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ገዢው ነው። ገንዘቡ በሲፒኦ ወይም በባንክ ቤት ይተላለፋል እንጂ በማዳበሪያ ጆንያ አይቆጠርም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከሽያጩ በኋላ ያለው ነው። ዘይት ቀለም ቆርቆሮ ላይ ከገባ አይለቅም። አዲሱ ባለቤት በሩን እስኪቀባ ድረስ ስልኩ የቀድሞው ሰውዬ ነው፤ በዓመቱም «ጋሼ፣ ቤቱ አለ?» የሚል ይደውልለታል። ደላላ ነው።