ጊላ ሞንስተር፦ እያኘከ የሚመርዝ እንሽላሊት

በአሜሪካ አሪዞና፣ በቱሳን ከተማ አጠገብ ባለው የሳዋሮ ብሔራዊ ፓርክ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ከቁልቋል ሥር ጥቁርና ብርቱካንማ ነገር ሲንፏቀቅ ካየ ዕድል ቀንቶታል። ጊላ ሞንስተር ዕድሜውን ከሞላ ጎደል የሚፈጀው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ብቅ ቢል በጸደይ ጠዋት፣ ወይም ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረሃውን ዝናብ ሲያረጥበው ነው።

ቆዳው ዶቃ የተሰፋበት ይመስላል። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ እኛ ከምናውቀው አርጃኖ በእጅጉ ያንሳል። የወፍ እንቁላል፣ ጫጩትና የጥንቸል ግልገል ይበላል፤ ከጠገበ በኋላ በወፍራም ጅራቱ ያጠራቀመው ስብ ለወራት ያቆየዋል።

አስገራሚው ግን አፉ ነው። የእባብ መርዝ ከላይኛው መንጋጋ ይወጣል፤ የጊላው የመርዝ ዕጢ ያለው በታችኛው መንጋጋ ነው። እንደ መርፌ የሚወጋ ጥርስም የለውም። መርዙ በጥርሶቹ ላይ ባሉ ቦዮች እየተንጠባጠበ ቁስሉ ውስጥ ስለሚገባ፣ እንሽላሊቱ የነከሰውን አጥብቆ ይዞ ያኝካል። በቀላሉም አይለቅም።

ንክሻው ብርቱ ሕመም፣ እብጠትና ማስመለስ ያስከትላል፤ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ማርከሻ ስላልተሠራለት ሐኪም የሚያክመው ምልክቶቹን ነው። ሰው መግደሉ እጅግ ብርቅ ነው፤ በ2024 በኮሎራዶ አንድ ሰው የሞተው ቤቱ ያሳድገው የነበረው ጊላ ነክሶት ነው። በዱር ያገኘው መንገደኛ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ቢያየው ይበቃል። እንስሳው አዝጋሚ ነው፤ ሰው አያሳድድም፤ ሲጨነቅ አፉን ከፍቶ እስስ ይላል። እጁን የሚሰድ ሰው ግን የፈለገውን ያገኛል! በአሪዞና ከ1952 ጀምሮ በሕግ ስለሚጠበቅ መያዙም መግደሉም ያስጠይቃል።

ይኸው መርዝ ለስኳር ሕሙማን ደርሷል። ዶክተር ጆን ኤንግ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሲመራመሩ፣ በመርዙ ውስጥ ከሰው አንጀት ከሚመነጭ ኢንሱሊን ቀስቃሽ ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር አገኙ። የሰው ሆርሞን በደም ውስጥ በደቂቃዎች ይፈራርሳል፤ የእንሽላሊቱ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ከዚህ የተነሣው ኤክሰናታይድ በ2005 ለዓይነት 2 የስኳር በሽታ ተፈቀደ። ዛሬ ስሙ የገነነው ኦዜምፒክ የዚሁ መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ከጊላ መርዝ ተቀዳ የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ መነሻው የሰው ሆርሞን ነው። ኤክሰናታይድም ቢሆን በፋብሪካ የሚቀመም በመሆኑ መርዙ የሚታለብ እንሽላሊት የለም።